ኢንከምበንሲ፦ ወንበር መያዝና ወንበሩ የሚሰጠው ብልጫ

ኢንከምበንሲ አንድ ሰው ወይም አንድ ፓርቲ በታወቀ ሥልጣን፣ ሹመት ወይም የሥራ መደብ ላይ የመገኘቱ ሁኔታ ነው። ወንበሩን የያዘው ሰው ኢንከምበንት ይባላል። ቃሉ ወንበሩ የተያዘበትን ዘመንም ይገልጻል። በፖለቲካ ጥናት ደግሞ ከሁለቱ አልፎ፣ ወንበሩ ላይ በመቀመጥ ብቻ የሚገኘውን ብልጫ ይሰይማል። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አያጠቃልለውም። ስለ ፕሬዚዳንት ሲነገር «በሥልጣን ላይ ያለው» ወይም «የወቅቱ»፣ ስለ ፓርላማ አባል ሲነገር «ነባሩ ተመራጭ»፣ ስለ ድርጅት ሲነገር «ገዥው ፓርቲ» ይባላል። ብልጫውን ለብቻው የሚይዝ የተለመደ ቃል ስለሌለ የምርጫ ባለሙያዎችና የፖለቲካ ሳይንስ መምህራን የውጭውን ቃል እንዳለ ይወስዱታል። ጉዳዩ ግን ለኢትዮጵያዊ አድማጭ እንግዳ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመት ለተሿሚው ምን እንደሚያስገኝለት አገሬው ከጥንት ጀምሮ እንደሚያውቅ ይመሰክራል። ተረቱ የማይነግረው፣ ያ ጥቅም የቱ ላይ መቆም እንዳለበት ነው፤ የዘመኑ የምርጫ ሕግ የሚደክመውም በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ መደገፍ፣ በአንድ ነገር ላይ ማረፍ፣ መጫን የሚል ሐሳብ አለው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የገባበትም በር ቤተ ክህነት እንጂ ፖለቲካ አልነበረም። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አንድ ደብር ከነቤቱና ከነገቢው የተሰጠው ካህን ኢንከምበንት ይባል ነበር፤ ዛሬም ይባላል። ካህኑን ለደብሩ የማጨት መብት የነበረው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ባለመሬት፣ ወይም አንድ ኮሌጅ፣ ወይም ዘውዱ ነበር። ጳጳሱ ተቀብሎ ይሾመው ነበር። አንዴ ከተሾመ በኋላ ግን ያጨውም የሾመውም በቀላሉ ሊያነሡት አይችሉም ነበር። ካህኑ ካልሞተ፣ በፈቃዱ ካልለቀቀ፣ ወይም በቤተ ክህነት ፍርድ ካልተሻረ ደብሩ የእሱ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን አሠራር ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ በዚህ የደብር አስተዳዳሪ በሀገረ ስብከት ይመደባል፣ በሀገረ ስብከትም ይዛወራል። በእንግሊዝ ግን ይህ ዋስትና ለብዙ ዘመናት ጸንቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ አገልግሎቱን በ70 ዓመት ዕድሜ ገደበው፤ በ2009 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አዲስ ተሿሚዎችን በጋራ የአገልግሎት ደንብ ሥር አስገባቸው።

የዋስትናው ዓላማ በጎ ነበር። ካህኑ ባለመሬቱን ወይም ጳጳሱን ሳይፈራ እንዲሰብክ የታሰበ ነው። የጎደለውም ነገር ከዚያው ይመነጫል፤ ሰነፍ ወይም ክፉ ካህን የደረሰው ምእመን አቤት የሚልበት አጥቶ ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል። ወንበሩ የያዘውን ሰው ይጠብቀዋል፤ ጥበቃው አንዳንዴ ለሕዝብ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ሕዝብን ይጎዳል። ቃሉ ከደብር ወጥቶ ወደ ፓርላማና ወደ ቤተ መንግሥት ሲሻገር ይህን ሁለት ባሕርይ ይዞ ነው የሄደው።

ከዚያው ሥር የበቀለ ሌላ አገባብም አለ። በእንግሊዝኛ የሕግና የአስተዳደር ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ ቅጽል ሆኖ ሲገባ «ግዴታ ሆኖ የተጣለ» ማለት ነው፤ አንድን ነገር መፈጸም በአንድ አካል ጫንቃ ላይ ያረፈ ኃላፊነት መሆኑን ይናገራል። ሰነድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህንን ከባለወንበሩ ትርጉም ጋር ካምታታው የአንቀጹ መልእክት ይገለበጣል፤ ግዴታ የነበረው ሥልጣን ሆኖ ይነበባል።

በትክክለኛው አነጋገር ኢንከምበንት የሚባለው ወንበሩን አሁን የያዘው ሰው ነው፤ እንዴት እንደያዘው ለውጥ አያመጣም። ጄራልድ ፎርድ በአሜሪካ ታሪክ ለፕሬዚዳንትነትም ለምክትል ፕሬዚዳንትነትም በሕዝብ ሳይመረጥ ፕሬዚዳንት የሆነ ብቸኛ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ምክትል ፕሬዚዳንቱ ስፒሮ አግኒው ሲለቅ በእሱ ቦታ ተሾመ፤ በነሐሴ 1974 ፕሬዚዳንቱ ሪቻርድ ኒክሰን ሲለቅ ደግሞ ዋናውን ወንበር ያዘ። በ1976 ለምርጫ ሲቀርብ ግን በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ሆኖ ነው የቀረበው፤ በጂሚ ካርተር ተሸነፈ። በተቃራኒው ካማላ ሃሪስ በ2024 ስትወዳደር ምክትል ፕሬዚዳንት ነበረች እንጂ የምትወዳደርበትን ወንበር አልያዘችም፤ ስለዚህ በቃሉ ጥብቅ ፍቺ ኢንከምበንት አልነበረችም። መራጩ ግን የመንግሥቱን ስምና ጥፋት በእሷ ላይ ከመጫን አልተመለሰም። ለዚህ ነው ጥናቶች የግለሰብን ኢንከምበንሲ ከፓርቲ ኢንከምበንሲ ለይተው የሚያዩት። የያዘው ሰው የማይወዳደርበት ወንበር ክፍት ወንበር ይባላል። ተተኪው ታውቆ የርክክቡን ቀን የሚጠብቅ ባለሥልጣን ተሰናባች ነው። ወንበሩን አለቃው እስኪመለስ ወይም አዲስ እስኪሾም በአደራ የያዘ ደግሞ ተጠባባቂ ይባላል፤ ሥራውን ይሠራል እንጂ የወንበሩ ሙሉ ባለቤት አይደለም።

በመሥሪያ ቤት አገባቡ ቀለል ያለ ነው። የሥራ መዘርዝር ሲጻፍ የሥራ መደቡ አንድ ነገር፣ በመደቡ ላይ ያለው ሠራተኛ ሌላ ነገር ተደርጎ ይያዛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ ሲያካሂዱ የሚመዘነው መደቡ እንጂ በላዩ የተቀመጠው ሰው አይደለም፤ ሰውየው ጎበዝ ስለሆነ መደቡ ደረጃው አይጨምርም፣ ደካማ ስለሆነም አይቀንስም። ቀላል የሚመስለው ይህ ልዩነት ወደ ፖለቲካ ሲወሰድ ከባድ ይሆናል፤ መንግሥትና ገዥ ፓርቲ የሚለዩት በዚሁ መስመር ነው።

በንግድ ዓለም ቃሉ ገበያውን አስቀድሞ የያዘውን ድርጅት ያመለክታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርቡ ምሳሌ ቴሌኮም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ታሪኩን ከአፄ ምኒልክ ዘመን የሚቆጥር፣ ገበያውን ብቻውን ይዞ የኖረ ድርጅት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር ማማዎቹ፣ የፋይበር መስመሮቹና በሚሊዮን የሚቆጠሩት ደንበኞች በነባሩ እጅ ነበሩ። አዲስ ገቢ ደንበኛው ወደ ነባሩ ኔትወርክ ካልደወለለት ሲም ካርዱን የሚገዛው የለም። በመሆኑም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዓይነት ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፤ የኔትወርክ ትስስርንና የመሠረተ ልማት መጋራትን በደንብ ያስገድዳል። ነባርነት ሁልጊዜ ጉልበት ነው ማለት ግን አይደለም። ኮዳክ ውስጥ የዲጂታል ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 ተሠርቶ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ትርፉ በፊልም ላይ ስለነበር አዲሱን ነገር በሙሉ ልብ ሳይገፋበት ቀርቶ በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ቃሉ በብዛት የሚሠራበትና ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው መስክ ምርጫ ነው። ጥናቱም በሰፊው የተጀመረው በአሜሪካ ታችኛው ምክር ቤት ነው፤ 435 ወንበሮች ስላሉትና በየሁለት ዓመቱ ስለሚመረጥ ለመለካት ይመቻል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ እንደገና ከተወዳደሩት ነባር ተመራጮች መካከል በአብዛኞቹ ምርጫዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወንበራቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ለነባሮቹ እጅግ ከባድ በነበረው በ2010 እንኳ ወደ 85 በመቶ የሚሆኑት አሸንፈዋል።

የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ዴቪድ ሜይሂው እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የምክር ቤት አባላት እንደገና ለመመረጥ ሦስት ነገር ያለማቋረጥ እንደሚሠሩ አሳይቷል፦ ስማቸውን ያስተዋውቃሉ፣ ለአካባቢያቸው ለመጣ ጥቅም ምስጋናውን ይወስዳሉ፣ መራጩ የሚወደውን አቋም በአደባባይ ይይዛሉ። ለሦስቱም ወንበሩ ራሱ መሣሪያ ያቀርባል። አባሉ በመንግሥት ወጪ ለመራጮቹ ደብዳቤ የመላክ መብት አለው፤ መብቱ ከአሜሪካ አብዮት ዘመን ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ ምርጫ ሲቃረብ የጅምላ ደብዳቤ እንዳይላክ የሚከለክለው ደንብ የመጣው ዘግይቶ ነው። ጡረታው የተጓተተበት ሽማግሌ፣ ፓስፖርቱ የዘገየበት ተማሪ፣ የልጇ የስደት ማመልከቻ የታሰረባት እናት ወደ አባሉ ቢሮ ይደውላሉ፤ በዋሽንግተን አካባቢና በሚኒሶታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያንም ይህንን በር በደንብ ያውቁታል። ጉዳዩ ሲፈታ ሰውየው ፓርቲውን ባይወድ እንኳ ተመራጩን አይረሳም። ይህ ዓይነቱ ብልጫ ነውር የለበትም፤ በሥራ የተገኘ ነው፤ መራጩ ያየውን አገልግሎት ቢሸልም መብቱ ነው።

ሌላው ብልጫ ግን ምርጫው ሳይጀመር የሚሠራ ነው። ጋሪ ጃኮብሰንና ሳሙኤል ከርኔል በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳዩት፣ ብርቱ ተፎካካሪዎች ነባሩን ፈርተው ይቀራሉ፤ ክፍት ወንበር እስኪገኝ ይጠብቃሉ። ገንዘብ ሰጪውም አሸናፊ ከሚመስለው ጋር ይሰለፋል። መራጩ በድምፅ መስጫው ቀን የሚያገኘው ምርጫ አስቀድሞ የጠበበ ነው። በሜዳው የሚጫወት ቡድን ደጋፊው ይበዛለታል፤ በዚህኛው ጨዋታ ግን ጠንካራው ተጋጣሚ ጨርሶ አይመጣም።

ነባር ተመራጮች ደጋግመው የሚያሸንፉት ወንበሩ ስለጠቀማቸው ነው ወይስ መጀመሪያውኑ የተሻሉ እጩዎች ስለሆኑ? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ አስቸግሮ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት ብልህ መንገድ አገኘ። አንድ ፓርቲ በጥቂት ድምፅ ያሸነፈባቸውን የምርጫ ክልሎች፣ በጥቂት ድምፅ ከተሸነፈባቸው ጋር አነጻጸረ። እንዲህ በጠበበ ልዩነት የሚወሰን ውጤት ዕጣ እንደመጣል ነው፤ በሁለቱ ወገን ያሉት የምርጫ ክልሎች በሌላው ነገር ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው አንደኛው ወገን ወንበሩን መያዙ ብቻ ነው። በቀጣዩ ምርጫ ለጥቂት ያሸነፈው ፓርቲ ለጥቂት ከተሸነፈው ወደ 8 የመቶኛ ነጥብ የሚጠጋ ብልጫ አገኘ። በሰፋ ውድድር ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ አብዛኛው ሽንፈት ከዚያ በጠበበ ልዩነት በሚወሰንበት ቦታ ግን ወንበር ያስጠብቃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አሜሪካውያን ለሰው ሳይሆን ለፓርቲ ስም ድምፅ መስጠት ስላበዙ ብልጫው እየሟሸሸ መጥቷል።

ሁኔታው የሚገለበጥባቸው አገሮችም አሉ። ሕንድ ውስጥ መራጩ በሥልጣን ላይ ያለውን የመቅጣት ልማድ ስላለው ጋዜጦቹ ለዚያ የራሱ ስም አውጥተውለታል፤ የነባር ጥላቻ እንደማለት ነው። በራጃስታን ክፍለ ግዛት ከ1998 እስከ 2023 በተደረጉት ምርጫዎች ሁሉ ገዥው ፓርቲ በየአምስት ዓመቱ ተሸንፎ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ሲፈራረቁ ኖረዋል። በኬረላም መንበረ ሥልጣኑ በሁለት ጥምረቶች መካከል ሲመላለስ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ልማዱ የተሰበረው በ2021 ነው። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ለነባሮች ክፉ ዓመት ሆነ። ከኮቪድ በኋላ የተከተለው የዋጋ ንረት ኪሱን የጎዳው መራጭ ያገኘውን ሁሉ ቀጣ። የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች ከ14 ዓመት በኋላ ወረዱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምርጫውን ቀን ራሳቸው የመምረጥ ሥልጣን ነበራቸው፤ የመረጡት ቀን ግን አላዳናቸውም። የቦትስዋና ገዥ ፓርቲ ከ1966 ጀምሮ ለ58 ዓመታት የያዘውን ሥልጣን አጣ። የደቡብ አፍሪካው ገዥ ፓርቲ ኤኤንሲ ከ1994 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብላጫ ድምፅ አጣ። በኢትዮጵያ ጎረቤት በሶማሊላንድም በኅዳር ወር ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ በአብዲራህማን ኢሮ ተሸንፈው ወንበሩን አስረከቡ።

የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋና ፈተና ግን ብልጫው የት እንደሚያበቃ መወሰን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከሕንዷ ጠቅላይ ሚኒስትር ከኢንዲራ ጋንዲ ክስ የሚበልጥ ትምህርት ማግኘት ያዳግታል። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1971 በራይ ባሬሊ የምርጫ ክልል ራጅ ናራይን የሚባሉ ተቃዋሚን ከ100,000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። ራጅ ናራይን ግን ተከፍተው አልቀሩም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። አቤቱታቸው ብዙ ነጥብ ነበረው፤ ጉቦና የመሳሰለውን ክስ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ሁለት ነገሮች ግን ተረጋገጡ። በጠቅላይ ሚኒስትሯ ጽሕፈት ቤት የነበረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ መልቀቁ ሳይጸና በምርጫ ዘመቻቸው ሠርቷል። የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣናትም ለዘመቻ ንግግራቸው መድረክ አሠርተዋል፣ ለድምፅ ማጉያው ኤሌክትሪክ አቅርበዋል። በሰኔ 12 ቀን 1975 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጃግሞሃንላል ሲንሃ ምርጫውን ሻሩት፤ ለስድስት ዓመትም ለተመራጭነት እንዳይቀርቡ ወሰኑ።

ነገሩ ለብዙዎች ትንሽ መሰላቸው። ከመቶ ሺህ ድምፅ ብልጫ ፊት ጥቂት የእንጨት መድረክና ድምፅ ማጉያ ምን ያህል ይመዝናል? ዳኛው ግን ውጤቱን ይቀይራል ወይ የሚለውን አልጠየቁም፤ የመንግሥት ሠራተኛና የመንግሥት ገንዘብ የእጩ መሣሪያ ሆኗል ወይ ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ከፍርዱ 13 ቀን በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ፤ ጋዜጦች በሳንሱር ሥር ወደቁ። ፓርላማው የምርጫ ሕጉን ወደኋላ ተመልሶ እንዲሠራ አድርጎ አሻሻለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኅዳር 1975 በተሻሻለው ሕግ መሠረት ምርጫቸውን አጸደቀላቸው። በመጋቢት 1977 በተደረገው ምርጫ ግን ራጅ ናራይን እዚያው ራይ ባሬሊ ላይ አሸነፏቸው፤ የጋንዲ ፓርቲ ኮንግረስም ከነፃነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማዕከላዊ መንግሥት ወረደ።

ዛሬ በሕንድ የምርጫ ቀን ከታወጀበት ሰዓት ጀምሮ የሥነ ምግባር ደንብ ሥራ ላይ ይውላል። ሚኒስትር የሥራ ጉብኝቱን ከምርጫ ዘመቻ ጋር ማደባለቅ አይችልም፤ በመንግሥት መኪና ለቅስቀሳ አይሄድም፤ አዲስ የገንዘብ ድጎማ አያውጅም፤ የመሠረት ድንጋይ አይጥልም። ደንቡን በተለይ ከ1990 ጀምሮ የምርጫ ኮሚሽኑን የመሩት ቲ. ኤን. ሴሻን ጥርስ አወጡለት። የመሠረት ድንጋዩ ነገር በደንቡ ውስጥ በስሙ መጠራቱ ብዙ ያሳያል፤ ምርጫ ሲደርስ ሪባን መቁረጥና ድንጋይ መጣል የሚበዛው በሕንድ ብቻ አይደለም። እንግሊዝም በበኩሏ ከምርጫ በፊት ባሉት ሳምንታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዳዲስ ዕቅዶችን ከማስተዋወቅ እንዲቆጠቡ ታደርጋለች።

ሁለተኛው የመገደቢያ መንገድ ዘመን መቁጠር ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1932፣ በ1936፣ በ1940 እና በ1944 ተመርጠው ሥልጣን ላይ እያሉ ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ በ1951 የጸደቀው 22ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ እንዳይመረጥ ከለከለ። ለምክር ቤቱ አባላት ግን ገደብ የለም፤ ክፍለ ግዛቶች ሊያበጁ ቢሞክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 አገደ። በአፍሪካ የዘመን ገደብ በ1990ዎቹ ተስፋፋ፤ ወዲያው ደግሞ መፍረስ ጀመረ። ኡጋንዳ በ2005፣ ካሜሩን በ2008 ገደቡን አነሡ፤ ኡጋንዳ በ2017 የዕድሜ ጣሪያውንም አስወገደች። በዛምቢያ ፍሬደሪክ ቺሉባ በ2001፣ በናይጄሪያ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በ2006 ሦስተኛ ዘመን ፈልገው አልተሳካላቸውም።

ገደቡ ለምን እንደሚጠቅም የአፍሪካ ምርጫዎች ራሳቸው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በጋና በ2000፣ በኬንያ በ2002 ገዥው ፓርቲ የተሸነፈባቸው ምርጫዎች ጄሪ ሮሊንግስና ዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመናቸውን ጨርሰው ያልተወዳደሩባቸው ናቸው። መሪው ራሱ ሲወዳደር መንግሥቱ ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል፤ ወራሹ ሲወዳደር ግን ሰልፉ ይላላል፣ በፓርቲው ውስጥም ቂም ይፈላል። በወንበሩ ላይ እያሉ ተወዳድረው የተሸነፉም አሉ፤ በቤኒንና በዛምቢያ በ1991፣ በሴኔጋል በ2000 እና በ2012፣ በናይጄሪያ በ2015፣ በጋምቢያ በ2016፣ በዛምቢያ እንደገና በ2021። ከሁሉም የቀደሙት ግን የሶማሊያው ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ዑስማን ናቸው። በ1967 በፓርላማው ምርጫ በአብዲራሺድ ዓሊ ሸርማርኬ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ። ያ የሆነው በአፍሪካ ቀንድ ነው፤ ከሚገባው በታች ይታወሳል።

በኢትዮጵያ ምድር የዘመን ገደብ ከማንኛውም ዘመናዊ ሕገ መንግሥት የቀደመ ነው። በኦሮሞ ገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ለስምንት ዓመት ይመራል፤ ስምንቱ ሲሞላ ባሊውን፣ ማለትም ሥልጣኑን፣ ለተተኪው ያስረክባል። እንደገና የመመረጥ ጥያቄ አይነሣም፤ ስለዚህ ወንበር የመያዝ ብልጫ የሚባለው ነገር መነሻ የለውም። ዩኔስኮ ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመረጠው የፓርላማ ሥርዓት ሌላ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአምስት ዓመት ይመረጣል፤ አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ኢንከምበንሲ በመጀመሪያ የፓርቲ፣ ቀጥሎ የሰው ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የአዲስ አበባ 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ በተቃዋሚዎች እጅ ገቡ፤ በሥልጣን ላይ መሆን ብቻውን ድል እንደማያረጋግጥ ያ ውጤት ያሳያል። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545 ወንበር፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም አገኙ። ገዥው ፓርቲ ውጤቱን የልማቱ ፍሬ ነው አለ፤ ተቃዋሚዎች የእስርና የጠበበ ምኅዳር ውጤት ነው አሉ። የ2002ቱን ምርጫ የታዘበው የአውሮፓ ኅብረት ቡድን የውድድር ሜዳው እኩል እንዳልነበረና የመንግሥት ሀብት ለፓርቲ ሥራ መዋሉን ገለጸ፤ መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለውም። አንድ ፓርቲ ሁሉንም ወንበር በሚያገኝበት አገር ግን የቀበሌው አዳራሽ፣ የወረዳው መኪናና የመንግሥት ቴሌቪዥን የማን እንደሆኑ መለየት ለዜጋው ቀርቶ ለሠራተኛው ራሱ አስቸጋሪ ይሆናል።

በ2012 ደግሞ የቃሉ ሌላ ገጽታ ተፈተነ። በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የምክር ቤቱ ዘመን ከማለቁ በፊት ምርጫ ማድረግ አልተቻለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ትርጉም የምክር ቤቶቹንና የአስፈጻሚውን ዘመን አራዘመ፤ ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። ዘመኑ ያበቃ ባለሥልጣን አዲስ ተመራጭ እስኪመጣ ወንበሩን ይዞ ይቆያል ወይስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል የሚለው ጥያቄ በአዋጅ ቀድሞ ቢመለስ ኖሮ በማራዘሙ ላይ የተነሣው ክርክር በዚያ ልክ ባልከረረ ነበር።

ዘመንን በመገደብ ረገድ ሕገ መንግሥቱ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሰጥቷል። አንቀጽ 70 የፕሬዚዳንቱን ዘመን ስድስት ዓመት አድርጎ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። ፕሬዚዳንቱ ግን ርእሰ ብሔር እንጂ አስፈጻሚ አይደለም። ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን በአንቀጽ 72 ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የተሰጠ ሲሆን፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን የምክር ቤቱ ዘመን ነው ከማለት በቀር ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ገደብ አልተቀመጠም። በዚህ ኢትዮጵያ ብቻዋን አይደለችም፤ እንግሊዝም ጀርመንም ለጠቅላይ ሚኒስትርና ለመራሔ መንግሥት የዘመን ቁጥር አላበጁም፤ አንጌላ ሜርክል 16 ዓመት መርተዋል። በእነዚያ አገሮች ግን ፓርቲው ራሱ መሪውን ያወርዳል፤ ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 የለቀቁት በመራጩ ሳይሆን በራሳቸው ፓርቲ ግፊት ነው። የዘመን ገደብ በሌለበትና የፓርላማው ወንበር ሁሉ በአንድ ፓርቲ በተያዘበት ጊዜ የሚቀረው መጠበቂያ የመንግሥትን ሀብት ከፓርቲ ሥራ የሚለይ ሕግና ያንን ሕግ በገዥው ላይ ለመፈጸም የማይፈራ ዳኛና ምርጫ ቦርድ ነው። ኢትዮጵያ ከዘመን ገደቡ ክርክር በፊት ማጠንከር የሚገባት እነዚህን ነው።